ለስንሻው የመረጥሁለት መጽሐፍ

ስሟን ትሁት ብሎ ያወጣላት ሰው በሕይወት ካለ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀን። ስድሳ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለች ምላሰኛ አልገጠመችኝም። የሰው ሱቅ ስትገቡ ባለሱቁ «እንዴት ዋላችሁ፣ ምን ልታዘዝ» ይላል። እሷ ዘንድ ስትሄዱ ከእግር እስከ ራሳችሁ ታያችሁና «ማንን ተጣልተህ መጣህ?» ትላለች። እኔ አስናቀው ይህን አልፈጠርሁም፤ አንዲት ቃል አልጨመርሁም።

እኔ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነኝ፤ እዚህ ገፊር ይሉናል። የትሁት የቆርቆሮ ኪዮስክ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ በር ስጠብቅ ዓይኔ ሌላ የሚያርፍበት ስለሌለው ሳልወድ በግዴ ኑሮዋን አጠናሁት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከደምቢያ ወጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሷ እዚህ ተወልዳ ካርቱም አደገች፤ ማተሚያ ቤት ትሠራ ነበር አሉ። ካርቱም ሲነድ ሰው ልጁንና ፍራሹን አዝሎ ሲሸሽ፣ እሷ ሁለት ጆንያ ይዛ ከጭነት መኪና ወረደች። ሴት ብቻዋን አይቼ ጆንያዎቹን በጀርባዬ አወረድሁላት። እህል መስሎኛላ! ፈትታ ብታሳየኝ ጢም ብሎ የሞላው የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ዓይናቸው ግማሽ ፊታቸውን የያዘ፣ ፀጉራቸው የቆመ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚጮኹ ልጆች። «ማንጋ ነው ያ ዓሚ» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው በዓረብኛ። «የጃፓን ነው፤ ወደ ዓረብኛ የተመለሰ።» ወገቤ ሦስት ቀን አልተቃናም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው የጠላኋት።

መጽሐፉን ታከራያለች። ማከራየት ካላችሁት! የጠየቃችሁትን አትሰጥም። «የሚያስቅ ስጪኝ» ያላትን «አንተ ሳቅ ምን ያደርግልሃል፣ ያቃተህ ማልቀስ ነው» ብላ እናቱ ስለሞተችበት ልጅ የሚያወራ ታሸክመዋለች። ሻይ የምትሸጠው ሸዊት የፍቅር ታሪክ ብትጠይቃት «ፍቅር አይተሽ የት ደረስሽ?» አለችና የመኪና ጋራዥ ስለከፈተች ሴት የሚተርክ ሰጠቻት። ዘርኣይ የሚባል፣ ከኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር መኪና ለምኖ በገበያ ቀን የሚመጣ ሰውዬ ደግሞ የጦርነት መጽሐፍ ጠየቃት። «ያየኸው አልበቃህም?» ብላ ስለ ትምህርት ቤት ኳስ ተጫዋቾች የሚያወራውን ማለቂያ የሌለው ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ዘርኣይ ተቆጣ፣ በአማርኛ ተሳደበ፣ በትግርኛ ጨመረበት። በሚቀጥለው ገበያ ግን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው፤ «ያ አጭሩ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ገባ ወይስ አልገባም?» እያለ።

ሁለተኛው ክፍልም ዝም ብሎ አይገኝም። የመጀመሪያውን ቆመህ ትተርክላታለህ፤ ያውም ሰው ፊት! ተሸካሚው፣ ተማሪው፣ ሸዊት ራሷ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች፣ ኪዮስኩ በር ላይ ቆመው ሲተርኩ ታያላችሁ። ከሳቱ «ዘለሃል፤ ሂድና ድገመው» ብላ ትመልሳቸዋለች። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ሰው ለምን እንደምታስለፈልፍ ጠየቅኋት። «መጽሐፍ መስጠት ቀላል ነው። ሥራው ማን እንደወሰደው ማወቅ ነው» አለችኝ። ትዕቢት!

ዓረብኛ ማንበብ ለማይችሉት፣ ከመተማና ከቋራ ለአጨዳ ለሚመጡት ልጆቻችን ደግሞ በዚያው በጃፓኑ አሣሣል ራሷ ሣለች። ከእርሻው ወኪል ጋር የሚጣላ የሰሊጥ አጫጅ ታሪክ ነው፣ በአማርኛ፤ እንደ ዳዊት ከግራ ወደ ቀኝ የሚገለጥ። ፎቶ ኮፒ አድርጋ ታድላቸዋለች። እሱን እኔም አይቼዋለሁ። ክፉ አይደለም። ይህን ግን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፣ አልነግራትምም።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። ስንሻው የወንድሜ የጋረደው ልጅ ነው። ጋረደውን የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ቋራ ላይ፣ በእርሻ ድንበር ጥል አንድ ሰው ተኩሶ ገደለው። የሰውዬውን ስም አልጠራም፤ አፌን አላቆሽሽም። እኔ የአሥር ዓመቱን ስንሻውን ይዤ ድንበር ተሻገርሁ፤ እናቱ እናትነሽ ከትንሿ ልጇ ጋር መተማ ቀረች። አሳደግሁት፣ ዓረብኛ ትምህርት ቤት አስገባሁት፣ ዛሬ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ የሚሠራ ሙሉ ሰው ነው። ግን ያጎረስሁት እንጀራ ብቻ አልነበረም። «የአባትህ ደም ሜዳ ላይ ነው፤ ያንተን ጉልበት ነው የሚጠብቀው» እያልሁ ነው ያሳደግሁት። ጠዋት ስንነሣ፣ ምሳ ስንበላ። ሌላው ልጁን ጸሎት ያስጠናል፤ እኔ ደመኛውን አስጠናሁት። አላፍርበትም ነበር።

ይኸው ልጅ ነው አንድ ቀን ቀና ስል ከትሁት በር ላይ ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ ሲተርክ ያየሁት!

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ ወደ እሷ፣ ዓርብ ሲሆን ወደ እሷ። ቤት ሲገባ መጽሐፉ ላይ ያቀረቅራል። ስለ አባቱ ስጀምርለት ዓይኑን ሳያነሣ «እሺ አጎቴ» ይለኛል። እሺ ብቻ! መጀመሪያ በሰው አስመከርኋት። ለሰንበቴ ማኅበራችን «ሥዕሉ ውስጥ ቀንድ ያለው ጋኔን አለ፣ ልጆቻችን ሊጠፉ ነው» ብዬ ነገርኋቸው። ሁለት ሰው ተመርጦ ሊገሥጻት ሄደ። አንዱ ዲያቆን ባንታምላክ ነበር። ግሣጼው ምን ሆነ መሰላችሁ? ባንታምላክ የመጀመሪያውን ክፍል በብብቱ ይዞ ተመለሰ። «ጋኔኑ ምን እንደሚሆን ሳላይ መፍረድ ይከብደኛል» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። ዱላዬን ይዤ መንገዱን ተሻገርሁና ጠረጴዛዋን በእግሬ ስለው መጽሐፉ ሁሉ አቧራው ላይ ተበተነ።

«አንቺ! ልጁን አልጫ አደረግሽብኝ!»

ደነገጠች? የት አባቷ! እንደተቀመጠች አየችኝ። «የሚያነበው የቦክሰኛ ታሪክ ነው። ምኑ ነው አልጫው?»

«እሱ መጫወቻ አያስፈልገውም። የሚጠብቀው ሥራ አለ።»

«ሥራውን አውቃለሁ። ነግሮኛል።» ጎንበስ ብላ አንዱን መጽሐፍ አነሣችና አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው። «ስንሻውን ከአባቱ ጋር አብረህ ቀብረኸዋል እኮ ያ ዓሚ። አሁን የበተንኸውን ልቀም።»

አንቱ የሚባል ነገር አፏ ላይ አልፈጠረባትም! የአባቷን ዕድሜ የምጠጋ ሰውዬ «ልቀም» ትለኛለች። ጎማ ጠጋኙ ይስቃል፣ ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆመዋል። ለቀምሁ። አዎ ለቀምሁ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ምን ላድርግ?

ጥቅምት አጋማሽ ላይ እናትነሽ ከመተማ ደወለች። ያ የወንድሜ ገዳይ ሽማግሌ ልኳል። ለኅዳር ሚካኤል ድንጋይ ተሸክሞ እግራችን ሥር ሊወድቅ፣ ደም ሊደርቅ። የሟች ልጅና ታላቅ ወንድሙ ካልተገኙ ግን እርቁ አይቆምም ብለዋል ሽማግሌዎቹ። «አያ አስናቀው፣ ባሌ አንዴ ሞቷል፤ ልጄን እንኳ ይተዉልኝ» ብላ አለቀሰች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ስንሻው አጠገቤ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

«እህሳ?» አልሁት።

«አላውቅም አጎቴ» አለ።

አላውቅም! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያስጠናሁት ልጅ አላውቅም!

ሦስት ቀን አሰብሁ። የእኔ ምክር ጆሮው ላይ መግባት ትቷል፤ የሚገባው የዚያች ሴትዮ መጽሐፍ ነው። መድኃኒቱ ያለው ጠላት እጅ ላይ ከሆነ ምን ይደረጋል? ኩራቴን ዋጥሁና ሄድሁ።

«የአባቱን ደም የሚመልስ ልጅ ታሪክ አለሽ?» አልኋት።

«ደርዘን ሙሉ አለ። ለስንሻው ግን አልሰጥም።»

«እኔ ነኝ የምሰጠው። አምጪ።»

ከጠረጴዛው ሥር አንድ ስስ መጽሐፍ አወጣች። የጃፓን አይደለም፤ ካርቱም አብራት ትሠራ የነበረች ሱዳናዊት ጓደኛዋ በማንጋ አሣሣል የሣለችው ነው። ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል። «እየው። ካልወደድኸው መልሰው» አለችኝ።

ጣቴን በምራቄ አርሼ ገለጥሁት። ከግራ። እዚህ አገር ጽሑፍ ከቀኝ እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ሥዕል ሥዕል ነው፣ የሷ የራሷ የአማርኛውም ከግራ ነበር። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ቀጥሎ አንድ ወጣት ወንዝ ዳር ቆሟል፤ እዚህ የሃደንደዋ ጎሣ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ሰይፍ ከውኃው ውስጥ ይታያል፣ ቀጥሎ እጁ ላይ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። ወጣቱ ከአንድ ሰውዬ አንገት በላይ ሰይፉን አንሥቷል። ከዚያ መንገድ፣ አቧራ፣ ፀሐይ። መጨረሻ ላይ መቃብር ፊት ሰይፉን ይዞ ተንበርክኳል። ለአባቱ «ደምህን መልሻለሁ» እያለው ነው! እንባዬ መጣ። ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ወጣቱ ስንሻው ነው።

«ይሄ ነው መጽሐፍ!» አልኋት።

«ወደድኸው?»

«ከዚህ ሁሉ ኮተትሽ ለቁም ነገር የሚሆነው ይሄ ብቻ ነው።»

«እንግዲያውስ ራስህ ስጠው» አለች። «ከእኔ ነው እንዳትለው። ‹የመረጥሁልህ እኔ ነኝ› በለው።»

ለአንድ አፍታ ደግ ሴት መሰለችኝ። ሞኝ!

ሰጠሁት። «እኔ ነኝ የመረጥሁልህ። አንብበውና ልብህ ያለህን አድርግ» አልሁት። እዚያው ተቀምጦ አነበበው፤ ጨርሶ እንደገና ጀመረው። ከዚያ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብዙ አየኝ፣ ዓይኑ ቀላ። ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመኝና «እግዚአብሔር ይስጥህ አጎቴ። ለኅዳር ሚካኤል እሄዳለሁ» አለ። መረቅሁት፣ «አንተ ቅደም፣ እኔ እከተልሃለሁ» አልሁትና አቅፌው አለቀስሁ። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በር ላይ ተቀምጬ ሳፏጭ ጎማ ጠጋኙ «ሚስት አገባህ እንዴ?» ብሎኛል።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት የሚወርደው የጭነት መኪና እስኪሞላ መጋዘኑ በር ላይ አብረን ተቀመጥን። ግራ ቀኝ አየሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መተማ ስትደርስ መሣሪያ የሚሰጥህ ሰው አለ፤ ጨርሼልሃለሁ» አልሁት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። «መሣሪያ ለእርቅ ምን ይሠራል አጎቴ?»

«የምን እርቅ?»

ሳቁ ጠፋ። «አንተ አይደለህ እንዴ መጽሐፉን የሰጠኸኝ?» አለ። «ልጁ ሰይፉን ወንዝ ውስጥ ጣለው እኮ። አንተ ራስህ መርጠህ ስትሰጠኝ፣ በቃ ከደሙ ፈታኝ አልሁ። ጉልበትህን የሳምሁት ለዚያ ነው።»

«ጣለው? አወጣው እንጂ!»

መጽሐፉን ከሻንጣው መንትፌ መንገዱን እየሮጥሁ ተሻገርሁ፤ ስንሻው ከኋላዬ ነው። የትሁት ጠረጴዛ ላይ ወረወርሁት። «ምን ዓይነት ምትሃት ነው የሠራሽብኝ?»

መጽሐፉን ገለበጠችና ከቀኝ ጀመረች፤ አንድ በአንድ በጣቷ አሳየችኝ። መቃብሩ መጀመሪያው ነው፤ ልጁ ሰይፉን ይዞ ሊበቀል ይምላል። ከዚያ መንገዱ። ገዳዩን አግኝቶ ሰይፉን ያነሣበታል። የገዳዩ ትንሽ ልጅ እያለቀሰች መሐል ትገባለች። ልጁ ሰይፉን ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ለበቀል የላከው ሽማግሌ ብቻውን ደጃፉ ላይ ቀርቶ የማይመጣ ሰው ይጠብቃል።

«ማንጋ እንዲህ ነው የሚነበበው፤ ሥዕሉም እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ነው» አለች። «አንተ ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ መጀመሪያው ሄድህ።»

«ስገልጥ አላየሽኝም?»

«አየሁህ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ብነግርህ ትሰጠው ነበር?»

ዱላዬን አነሣሁ። እውነቴን ነው፣ ልመታት ነበር። መጽሐፍ መምረጥ ሥራዋ ይሁን፤ የእኔን ቤት ደም እንድታደርቅ ማን ሾማት? ይህን እየጮኽሁ ሳለ ስንሻው እጄን ያዘኝ። አልጠመዘዘኝም፣ ብቻ ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ሰሞን ሁሉ ፈትቼው ነበር ለካ፤ አሁን መልሼ አሠርሁት። አየሁት፣ አሳዘነኝ፣ ግን አልተመለስሁም።

ማዶ የመኪናው ጡሩምባ ተነፋ።

«ምረጥ» አልሁት። «ወይ የአባትህ ልጅ ነህ፣ ወይ የዚች ሴትዮ ደንበኛ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ አጎቴ» አለ። «አባቴ የሞተ ዕለት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አርባ ስድስት።»

«ጠመንጃ ነበረህ?»

«ነበረኝ።»

«እኔ አሥር ነበርሁ» አለ።

ለሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ ነበረኝ፤ ልጁን ማዳን ነበረብኝ፣ እነሱ ብዙ ነበሩ፣ ዝናብ ነበር። ሁሉም አፌ ላይ መጣና ተራ በተራ ተመለሰ። ትሁት መጽሐፍ የምትደረድር መስላ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች፤ ከሁሉ ያንገበገበኝ እሷ ፊት መሆኑ ነው። ያን ዕለት ማሽላው ውስጥ ነበርሁ። ሰውዬው ጋረደውን ጥሎ ሲመለስ በፊቴ አለፈ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እየተዝናና። ጠመንጃዬ ጥይት ጎርሷል። ጣቴ አልታዘዘኝም።

«ፈርቼ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ ስንሻው። «እንዳልጮኽ አፌን ያፈንኸው አንተ ነህ እኮ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር።»

ዱላዬን ከእጄ ወሰደና ክንዴን ያዘኝ። «በል ና፣ ሽማግሌዎቹ ይጠብቁናል፤ መኪናው ጥሎን ይሄዳል።»